በጣት የሚነበብ ዳኮታ፦ ጅማ ላይ የተገጣጠመ የአንድ አሮጌ ሞዴል አውሮፕላን ጉዳይ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት በላስቲክ የጠቀለለችውን ካርቶን ከዝናብ ጠብቃ ፈረንጅ አራዳ ወዳለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛዬ መጣች። የሚጠገን ዕቃ መስሎኝ ጠረጴዛውን አስለቀቅሁ። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ከውስጡ የወጣው ግራጫ የፕላስቲክ ክንፍ ነበር። “አባቴ፣ ትንንሽ አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው አለ ሲባል ሰምተው ነው የላኩኝ” አለችኝ። “ወንድሜ ልጅ ሳለ ጀምሮ የተወው ነው። ብትጨርስላቸው ደስ ይላቸዋል።”

ያ ካርቶን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እጄ ላይ ቆይቷል። ከዚያ በፊት አራት ሞዴሎችን ሠርቻለሁ፤ አራቱም አዲስና ሙሉ ነበሩ። አሮጌ ሞዴል ሌላ ጉዳይ ነው። ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ አንዳንዱ ክፍል ይጠፋል፣ ተለጣፊው ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ከእኔ በፊት የሌላ ሰው እጅ ነክቶታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ቀላል አድርጌ በማየቴ የሠራሁትን ስህተት ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ የወሰነው እርሱ ነውና።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው

ሞዴሉ ዳግላስ ዳኮታ ነው፤ ለመንገደኛ ሲሆን ዲሲ 3፣ ለጦር ጭነት ሲሆን ሲ 47 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን። ልኬቱ 1/72 ነው፤ በእውነተኛው ላይ 72 ሴንቲ ሜትር የሆነው እዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለሆነ ሞዴሉ ሲያልቅ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የካርቶኑ ክዳን የለም። የአሠራሩ መመሪያ በእጥፉ ላይ ተቀዶ ሁለት ሆኗል፤ አንዱን ጥግ ብል በልቶታል።

የአውሮፕላኑ ገላ ሁለት ግማሾች ገና አልተጣበቁም። የግራ ክንፍ ላይና ታቹ ተጣብቋል። የቀኝ ክንፍ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ለዓመታት ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቆጥ ላይ ስለተቀመጠ ሙቀቱ ሠርቶበታል። ከሁለቱ ዋና ጎማዎች አንዱ የለም። የጎማ እግሮቹ በልጅ እጅ ተንጋደው ተጣብቀዋል። በውኃ የሚላቀቁት ተለጣፊ ምልክቶች እንደ ሻይ ቢጫ ሆነዋል።

ስለ አውሮፕላኑ ራሱ ጥቂት ልበል። ዲሲ 3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደራዊው ዓይነት ብዙ ሺህ ተመረተ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት በርካሽ ተሸጡ፤ ብዙ አገሮችም የአየር መንገዳቸውን የጀመሩት በእነርሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ነበር። በእነዚያ ዓመታት መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። ዳኮታ ሣር ሜዳም ኮረኮንችም ላይ ያርፋል። ክረምት መንገዱን በሚቆርጥበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደነበረ ለጅማ የቡና ሰው ማስረዳት አያሻም።

የጠፋው አሻራ

የመጀመሪያው ሳምንት የማጽዳት ሥራ ነው። ክፍሎቹን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኩ። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት ይኖራል፤ በዚያ ላይ የብዙ ዓመት የእጅ ወዝና ጭስ ተጨምሮበታል፤ ሳይታጠብ ቀለም አይዝም። ሳጥብ ከግራው ክንፍ ሥር አንድ ነገር አየሁ። ሙጫ በብዛት ፈስሶ፣ በላዩ ላይ አውራ ጣት ተጭኖበት፣ የጣቱ መስመሮች አንድ በአንድ ፕላስቲኩ ላይ ቀርተዋል። የሞዴል ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አካል ያደርጋቸዋል። በለሰለሰበት ደቂቃ የነካው ሁሉ ይታተምበታል፤ ሲደርቅም እንደታተመ ይቀራል።

ማንኛውም ሠሪ እንዲህ ያለውን ሲያይ የሚያደርገውን አደረግሁ። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያስነካሁ ጀመርኩ፤ በ1000 ቁጥር ጨረስኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ክንፉ ለሰለሰ፤ እኔም በሥራዬ ረካሁ።

በሳምንቱ ሁለቱን ክንፎች ይዤ ኮቺ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። ሽማግሌው ሰማንያን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ሲያወርዱና ሲጭኑ የኖሩ ናቸው። ሞዴሉን የሰጣቸው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ መካኒክ ነበር። ልጃቸው ያልነገረችኝን አንድ ነገር እዚያ ስደርስ አወቅሁ፤ ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። የግራውን ክንፍ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለበጡትና አውራ ጣታቸውን ከሥሩ አሳረፉ። ወዲያና ወዲህ ወሰዱት። ደግመው ወሰዱት።

“እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር” አሉ።

“የሙጫ ጠባሳ ነበር ጋሼ፤ አስተካክየዋለሁ።”

“የልጄ ጣት ነው እኮ።”

የምመልሰው አጣሁ። ሴት ልጃቸው ሲኒውን ይዛ ቆማ ቀረች። ወንድሟ ከአገር ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክንፉን ሲጀምር የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባቷ ካርቶኑን አልፎ አልፎ እንደሚያስወርዱ ታውቃለች፤ ምን እንደሚፈልጉበት ግን እርሷም አታውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸው ክንፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ “ሌላስ ምን ልታስተካክል አስበሃል ልጄ?” አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ቀጣዩ ሥራዬ ሪቬቶቹን መላግ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ዋና ነገር ይህ ነውና። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሞዴሎች ገላቸውና ክንፋቸው በጥቃቅን እብጠቶች የተሞላ ነው። እብጠቶቹ ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን ሪቬቶች ለማሳየት የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን ልካቸውን አልፈዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እብጠት በ72 ሲባዛ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከጠርሙስ ቆርኪ የሚበልጥ ሪቬት ማለት ነው። ስለዚህ በዓይን ለሚያይ ሰው ልምድ ያለው ሠሪ ይልጋቸዋል፣ በምትካቸው ቀጭን መስመር ይጭራል። እኔም በሌሎች ሞዴሎች ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌው የቀኙን ክንፍ ጠየቁኝ፤ ያልተነካውን። አራት ጣታቸውን በሪቬቶቹ ረድፍ ላይ ቀስ አድርገው ነዱት። “ይህን ነው የምታጠፋው?” አሉ። “ዝናብ ሲመጣ ክንፉ ሥር እንጠለል ነበር። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ይህን ይህን እየዳሰስኩ ነው እስኪያባራ የምጠብቀው።”

ሪቬቶቹ ይቆያሉ አልኩ። በመንገዴ ላይ፣ የአዌቱን ድልድይ ስሻገር፣ ይህ አንድ ቃል ምን ያህል ነገር እንደሚያስከትል ማሰብ ጀመርኩ። መገጣጠሚያውን በስቱኮ ሞልቼ መላግ አልችልም፤ አጠገቡ ያሉት ሪቬቶች አብረው ይሄዳሉ። ወፍራም ቀለም መቀባት አልችልም፤ ይሸፍናቸዋል። እጅ የሚመላለስበት ስለሆነም ቀጫጭኑ አንቴና ይቅር፣ ፕሮፔለሮቹ ደግሞ በብረት ይታሰሩ። የሞዴሉን መልክ ብቻ ሳይሆን ለጣት የሚሰጠውን ስሜትም ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ወዳጄ፣ “ቲነር ቀብተህ የራስህን አውራ ጣት አትምበት፤ ማን ያውቃል?” ብሎኝ ነበር። አላደረግሁትም። የዚያ ልጅ ጣት አይደለም።

ክንፉ፣ ማጣበቂያውና ቀለሙ

ክፍሎቹ ተሰክተው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ብዙ ሰው ይጥለዋል። በአሮጌ ሞዴል ላይ ግን ዘንጉ ወርቅ ነው። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ዕድሜውም ያው ነው፤ ክንፉ ላይ ከማድረጌ በፊት የምሞክርበት ሌላ ምንም የለኝም። ከአሻራው በኋላ ዘንጉ ላይ ያልሞከርኩትን ነገር ሞዴሉ ላይ አላደርግም ብዬ ወሰንኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሼዋለሁ፤ እርሱንም እነግራለሁ።

የተቆለመመውን ክንፍ በፈላ ውኃ ነው ያቃናሁት። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል፤ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ውኃው በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ አንድ ክፍል ቢረሳበት ተጨማዶ ይጠብቀዋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ ጉዳት ነው፤ ለእኔ ግን ጠቀመኝ። መጀመሪያ የዘንጉን ቁራጭ ነከርኩ፤ ሳይቀልጥ እንደ ቆዳ ጠበቅ ብሎ መታጠፍ ጀመረ። ከዚያ የክንፉን ጫፍ ብቻ እየነከርኩ፣ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መሐል እየጫንኩ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እያጠለቅሁ አራት ጊዜ ደጋገምኩ። በአንድ ጊዜ ለማቃናት መሞከር አይገባም፤ ፕላስቲኩ ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል።

ማጣበቂያ ሌላው ራስ ምታት ነበር። የሞዴል ሙጫ ጅማ ውስጥ አላገኘሁም። መርካቶ የሚሸጠው ማስቲሽ ለጫማ ሶል እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ወፍሮም ይቀራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ዘንጉን አሟሟ፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚተን መገጣጠሚያው ሳይያያዝ ደረቀ። የተሳካልኝ በመኪና ቀለም ማቅጠኛው ቲነር ነው። ሁለቱን ግማሾች ደርቤ በላስቲክ አሰርኩ፤ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስንጥቁን ብቻ ስነካው ቲነሩ ራሱ በመስመሩ ውስጥ ስቦ ገባ። በጣም ጥቂት መሆን አለበት፤ መስኮትም መከፈት አለበት፤ ሽታው ቀልድ አይደለም።

ያጠፋሁት ቀን ይኸውላችሁ። የአብራሪዎቹን የፊት መስኮት በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት፤ ቸኩዬ ነበርና ዘንጉ ላይ አልሞከርኩም። በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ጭጋግ እንደወረደበት ነጭቷል። የሱፐር ግሉ ትነት በጠራ ፕላስቲክ ላይ ያርፍና ነጭ ሽፋን ይሠራል፤ በተዘጋና እርጥበት ባለው ቦታ ይብሳል፤ የነሐሴ ጅማ ደግሞ እርጥበት አያጣም። አላቅቄ ሁለት ምሽት ሙሉ በጥርስ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ ስፈትገው መለስ አለ። ሙሉ በሙሉ አልጠራም። የጎኖቹን ትንንሽ መስኮቶች ግን በነጭ የእንጨት ኮላ ሠራኋቸው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ከዳር እስከ ዳር ሲሳብ እንደ አረፋ ይወጠርና ሲደርቅ ይጠራል።

ይኸው ኮላ ለመገጣጠሚያውም መፍትሔ ሆነ። በክንፉና በገላው መሐል የነበረውን ክፍተት በኮላ ሞላሁ፤ ሳይደርቅ ትርፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ብርጭቆ ወረቀት አላስፈለገም፣ አንድም ሪቬት አልተነካም። በግራው ክንፍ ሥር እኔ ያጠፋኋቸውን ሪቬቶች ደግሞ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ኮላ እያኖርኩ መለስኳቸው። ከቀኙ ክንፍ ላይ ክፍተታቸውን ለካሁ፤ በአንድ ረድፍ ላይ ስሠራ ትንፋሼን እየያዝኩ ነበር። መቶ ሠላሳ ያህል ናቸው። አሻራው የነበረበትን ቦታ ግን ባዶ ተውኩት።

ለቀለም ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ቀለም ቀቢው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የመኪና ቀለም በወፍራሙ ከተነፋ ፕላስቲኩን እንደሚበላው ዘንጉ ላይ አሳየኝ፤ ቁራጩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ስለዚህ ከሩቅ፣ ሲያርፍ ግማሹ የደረቀ እንዲሆን አድርጎ ጉም የመሰለ ስስ ሽፋን ነፋበት፤ ሲደርቅ ሁለተኛ፤ ከዚያ ሦስተኛ። የመጀመሪያው ቀን የብር ቀለሙ ወተት ፈሰሰበት የሚያሰኝ ሆኖ ደረቀ። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበትም እርሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ማንኛውም የጅማ ቀለም ቀቢ የሚያውቀው ችግር ነው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ጨምረን ደገምነው። ጠራ። ሪቬቶቹም ለጣቴ እንደነበሩ ናቸው።

ስለ ሞተሮቹ ብዙ የምለው የለኝም። እውነተኛዎቹ 14 ሲሊንደር ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡ ፕራት ኤንድ ዊትኒዎች ናቸው፤ እዚህ ግን ሁለት ክብ ቁራጮች ናቸው፤ ጥቁር ቀባኋቸው። ፕሮፔለሮቹን በልብስ ስፌት መርፌ ቁራጭ ወግቼ አሰርኳቸው።

ተለጣፊዎቹን አልተጠቀምኩባቸውም። አንዱን ለሙከራ ለብ ባለ ውኃ ብነክረው ሰባት ቦታ ተበጣጠሰ። ሽማግሌው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አላቸው፤ ስድስት ጫኞች በዳኮታ ጎን ተሰልፈው ቆመዋል። ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ሰዎቹ ሸፍነውታል፤ ያላየሁትን ፊደል መጻፍ አልወደድኩም። አውሮፕላኑ ያለ ጽሑፍ ብርማ ሆኖ ቀረ።

ጎማውና እግሩ

የጎደለውን ጎማ የሠራልኝ በርጩማ ጠራቢ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በአገሩ ሁሉ ይታወቃል፤ እርሱ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ነገር እጁ ላይ ገብቶ አያውቅም ነበር። የቀረውን የፕላስቲክ ጎማ ለመለኪያ ሰጠሁት። ዋንዛ ለዚህ አይሆንም፣ ጭረቱ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ ይሸረፋል አለና ከወይራ ቁራጭ ጠረበው። ሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ጥቁር ሲቀባ ከፕላስቲኩ አልለየውም።

እግሮቹ ግን አስቸገሩኝ። ልጁ አንጋድዶ ያጣበቃቸውን ለማላቀቅ ስሞክር ሁለቱም ጫፋቸው ተሰበረ። ስብራቱን አስተካክዬ ቆረጥኩና መልሼ አቆምኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሞዴሉን ይዤ ኮቺ ሄድኩ። ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና መዳፋቸውን ከጭራው ወደ አፍንጫው በጣራው ላይ አሳለፉ። ክንፎቹን ዳሰሱ፤ የግራው ክንፍ ሥር አልቆዩም። ከዚያ እንደገና ከጭራው ጀመሩ።

“ይህ ተጎንብሷል” አሉኝ። “በዚህ ላይ ቡና ጭነን አናውቅም።”

ዳኮታ ሦስተኛው ጎማው ጭራው ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ቀና፣ ጭራው ዝቅ ይላል፤ ወለሉ ዳገት ነው። የጭነቱ በር በግራ በኩል ወደ ኋላ ነው። ስልሳ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ በዚያ በር የገባ ሰው እስከ ፊት ድረስ ሽቅብ ይወጣል። “ዓይን ቢረሳው ጉልበት አይረሳውም” አሉ።

ወደ ቤቴ መልሼ ወስጄ ለካሁት። የመመሪያውን ሥዕል ከፎቶግራፉ ጋር አስተያየሁ። በስብራቱ ምክንያት ስቆርጥ እግሮቹን 7 ሚሊ ሜትር አሳጥሬያቸዋለሁ፤ በ72 ሲባዛ ግማሽ ሜትር ነው። ስሠራ ከላይና ከፊት እንጂ ከጎን አላየሁትም ነበር። ከዚያው ዘንግ ሁለት ቁራጮች ቆረጥኩ፣ መሐላቸውን በስቼ የብረት ሽቦ አስገባሁ፣ በቲነር አያይዤ ሁለት ቀን አቆየኋቸው።

ጥቅምት ሲጠባ፣ ጭቃው ደርቆ መንገዱ አቧራ ሲጀምር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ሴት ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ልትልክለት ፎቶግራፍ እያነሳች ነበር። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በሩ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው በሪቬቶቹ ረድፍ ወደ ፊት ነዱት፤ ክንፉን አልፈው የአብራሪዎቹ ክፍል ሊደርስ ትንሽ ሲቀር አቆሙት።

“አዎ” አሉ፤ “እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው።”